ፍተሻ በራጅ ቤት

ራጅ ሴትየዋን ከማየቱ በፊት ያየው ቦርሳዋን ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተና ዓይኑን ከትከሻዋ በታች ጥሎ፣ አንዲት ሴት ለጠዋት ጉብኝት ይህን የሚያህል ቦርሳ ምን ያሸክማታል ብሎ አሰበ። ማንጠልጠያው በአንድ በኩል ተበጥሶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ከባድ ነገር የለመደ ቦርሳ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ። ተንከባካቢ ነኝ፤ ከሰፈሩ የአረጋውያን ድጋፍ ነው የመጣሁት» አለች።

«አባባ ማነው?»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ማን ላከሽ?»

«ጥሪ ደርሶን ነው። እማማን ለማየት።»

«ማነው የጠራው?»

ሴትየዋ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ራጅ ደግሞ ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ ዝም የሚል ሰው አይወድም። በእሱ ሥራ እንዲህ ያለው ሰው ከሻንጣው ሥር አንድ ነገር አለው።

ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ የሻንጣ ማሽን ባልነበረው ዘመን እሱ ተጓዡን አንዴ አየት አድርጎ «ይሄኛው ይከፈት» ይል ነበር፤ ሲከፈትም ጉድ አይጠፋም። ማሽኑ ከመጣ በኋላም ስሙ አብሮት ቀረ። ሰፈሩ ጋሽ ራጅ ይለዋል። እኔም ዕድሜውን አይቼ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ግን በኋላ በካልሲ ሆኖ በገዛ ማድ ቤቱ ውስጥ ተደብቆ የማሳያችሁን ሰው አንቱ ማለት ምላሴ ላይ ከበደኝ።

ሴትየዋን አስገባት። ያስገባት ግን በር ላይ ብትቆም ጎረቤት ያያል ብሎ ነው።

ሚስቱ መስኮቱ ሥር፣ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አምና ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ ዝሏል፤ ምላሷም ከብዷል። አእምሮዋ ሙሉ ነው፤ ቃሉም አለ፤ ግን አንዱ ቃል ከሌላው እስኪደርስ የሰው ትዕግሥት ያልቃል። የራጅ ትዕግሥት ደግሞ ድሮም አጭር ነበረች። ስለዚህ እሷ ስትጀምር እሱ ይጨርስላታል። እሷ «እኔ...» ስትል እሱ «ደክሞሻል፣ አይደል? ነይ ተኚ» ይላታል፤ ታዲያ ደከማትም አልደከማትም ትተኛለች።

ተንከባካቢዋ ወለሉ ላይ በርከክ ብላ የሚስቱን የዛለውን እጅ ያዘች። «እንዴት ነዎት፣ እማማ?»

«ደ...»

«ደህና ናት» አለ ራጅ። «እንቅልፍ ብቻ ነው ያስቸገራት።»

«ምግብስ?»

«ትበላለች። ጨው ቀንሰንላታል።»

«ጋሼ፣ ከእማማ ጋር ለብቻችን ትንሽ ብንነጋገር ቅር ይልዎታል?»

«ይለኛል። ከእኔ የምትደብቀው ነገር የላትም።»

ተንከባካቢዋ አልተከራከረችም፤ ይሄም አልጣመውም። ተነስታ መታጠቢያ ቤቱን ለማየት ፈቃድ ጠየቀችና ከኪሷ ሜትር አውጥታ ሄደች። ሜትር! ራጅ የበሩን ስፋት ስትለካ፣ ሜትሩም ጠቅ እያለ ሲመለስ በጆሮው ሰማ። ሰው የሰውን በር የሚለካው አንድ ነገር ሊያስወጣ ሲያስብ ነው።

ራጅ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሚስቱን እንዳይወስዱበት። ከሆስፒታሉ ጀርባ ትልቅ የአረጋውያን ማዕከል አለ። ሚዛን የሚሉት የድሮ ባልደረባው፣ ጭነት ሲመዝን የኖረ ወፍራም ሳቂታ ሰውዬ፣ እዚያ ነው ያለው። ነገሩ እሱ ቤትም የጀመረው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ለስላሳ ሴት መጣች፤ ቀጥሎ በሩ ተለካ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ለጥቂት ጊዜ» ተባለ። ራጅ ሊጠይቀው የሄደ ዕለት ሚዛን በባለጎማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል፤ ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም። ራጅ ከዚያ ወዲህ እግሩን ወደዚያ አላነሳም።

ሚስቱን የሚያጥባት ራሱ ነው፤ በዚህ ማንም ጣልቃ እንዲገባበት አይፈልግም። ጠዋት ጠዋት ደግፎ ይወስዳታል፣ ውሃውን በክርኑ ይሞክራል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድም ስፍራ ሳይዘል ያጥባታል። ክንዷን ያነሳል፤ ከጆሮዋ ጀርባ፣ በጣቶቿ መሃል፣ ከጉልበቷ ሥር ይገባል። ቆዳዋ የቀላበት ቦታ ካገኘ ቆም ብሎ ይጫንና «እዚህ ጋ ምንድን ነው?» ይላል። እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሳሙናው ገብቶባት ይመስለዋል። ከዚህ በላይ የሚወድ ባል ካለ ይምጣና ያሳየኝ ይላል ለራሱ፤ እውነት ለመናገር እኔም ወዲያው የማሳየው ሰው አልመጣልኝም።

ተንከባካቢዋ መታጠቢያ ቤት እያለች ቦርሳዋ ሶፋው ላይ ብቻውን ቀረ። ራጅ ግራ ቀኙን አየ። ሚስቱ እያየችው ነው፤ ይሁን፣ ሚስቱ ናት። እጁን ላከ። የላስቲክ ጓንት፤ ፎጣ፤ ሳሙና፤ ማበጠሪያ፤ የጥፍር መቁረጫ። ከሥር ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ። ያልተጻፈበት ጠርሙስ ፈታሽን ያሳብደዋል። ከፍቶ አሸተተው። ሽታው ደስ ይላል፤ ይሄ ደግሞ ይብሱን አጠራጠረው። ሰው የሚያስተኛ መድኃኒት ይሆን? ትንሿን ጣቱን ነከረና ቀመሰው።

«የፀጉር ቅባት ነው፣ ጋሼ» አለች ተንከባካቢዋ፣ ሜትሯን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ።

«አውቃለሁ» አለ ራጅ፣ ከንፈሩ እያብለጨለጨ።

ከመስኮቱ በኩል ሚስቱ እንግዳ ድምፅ አሰማች። ትን ያላት መስሎት ውሃ ይዞላት ሮጠ።

ሴትየዋ እንደወጣች ስልክ አነሳ። ብቸኛ ልጁ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ አስተማሪ ናት።

«አንቺ ነሽ የጠራሽብኝ?»

«ማንን?»

«ሰላይዋን።»

«አባዬ፣ የምን ሰላይ ነው?»

«ቦርሳ ያላት። በር የምትለካ።»

ነገሩን እስክታስረዳው ድረስ ጥቂት ተጨቃጨቁ። «እኔ አልጠራሁም» አለች በመጨረሻ። «የጠራውን ሰው ባውቀው ግን አመሰግነው ነበር። ስለራስህም አስብ እንጂ፣ አባዬ። ወገብህ...»

«ወገቤ ምን ሆነ?»

«ባለፈው መጥቼ እማዬን ስታነሳት ጮኸህ አልነበር?»

«ሳል ነው።»

ስልኩን ዘጋ። ልጁ ስትዋሽ ትፈጥናለች፤ አሁን አልፈጠነችም። እሷ አይደለችም።

ወደ ምድር ቤት ወረደ። እዚያ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ከሰዓት እሱን ሸለብ ሲያደርገው ሚስቱን እየወጣች ታጫውታለች። በሩ ላይ ቆሞ «አንቺ፣ እኛ ቤት ሰው የላከብን ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ?» አለችና ጎንበስ ብላ ስፌት ማሽኗን ማስኬድ ጀመረች። መርፌው ሥር ጨርቅ የለም።

ራጅ ባዶውን የሚወጋውን መርፌ አይቶ ወጣ። ያ ባዶ መርፌ ሌሊቱን ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ሲወጋ አደረ። እንግዲህ ሴራ ነው። ጎረቤት ገብታበታለች። ዙሪያውን ከበውታል፤ የቀረው መውሰድ ብቻ ነው።

ተንከባካቢዋ በሁለተኛው ጊዜ ስትመጣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክማ ነበር። ራጅ ተቀብሏት ገለበጠው፤ እግሮቹን አንድ በአንድ አየ፤ የጫፋቸውን ጎማ ነቅሎ ውስጡን ፈተሸ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እማማ ቁጭ ብለው እንዲታጠቡበት ነው።»

«የሚያጥባት ባል አላት።»

«አላቸው፣ ጋሼ። እሳቸውስ ምን ይላሉ?»

«እሷ የምትለውን እኔ አውቃለሁ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አይደል?»

ሚስቱ ግራ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። «እኔ... እኔ...»

«እኔ ባሌ ይበቃኛል ነው የምትለው። ሰማሽ?»

ሚስቱ እጇን መለሰችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ተንከባካቢዋ ጥቂት ጊዜ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን አየችና «እኛ ባለጉዳዩን ራሱን ሳንጠይቅ ምንም አንወስንም፣ ጋሼ። ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ» ብላ ወንበሩን ጥግ አስይዛ ወጣች።

ራጅ ከዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ቃል ነው፦ አንወስንም። ስለዚህ የሚወሰን ነገር አለ! ውሃ ሲያፈላም፣ ጫማ ሲጠርግም ይቺው ቃል ጆሮው ላይ ተለጠፈች። ሚስቱን አየት እያደረገ፣ ያቺ ሴት ለብቻዋ ካገኘቻት በለስላሳ አፏ እሺ አሰኝታ ልትወስዳት ነው ብሎ አሰበ። እሷ ደግሞ እምቢ እስክትል እኮ ነገሩ ያልቃል። ሲያጎርሳት ሐሳብ ይዞት ጉርሻውን አፏ ጋ ሳያደርስ አቆመ። ሚስቱ ግራ እጇን እጁ ላይ ጫን አደረገችለት፤ እሱ ግን ጠግቤያለሁ ማለቷ መስሎት ሳህኑን አነሳ።

በሥራው ዘመን የሚታወቅበት አንድ ዘዴ ነበረው። ተጠርጣሪውን ብቻውን ትቶ የሚሄድ መስሎ ወጥቶ በሌላ በር መመለስ። ብዙ ሰው እጅ ከፍንጅ የያዘው በዚህ ነው። ሐሙስ ተንከባካቢዋ ገብታ ቦርሳዋን እንዳሳረፈች ኮቱን ለበሰ።

«እንግዲህ ከመጣሽ አይቀር ትንሽ አጫውቻት። እኔ ፀጉር ቆራጭ ጋ ደርሼ ልምጣ።»

ተንከባካቢዋ አናቱን አየት አድርጋ «እሺ፣ ጋሼ» አለች። ሚስቱ ከወንበሯ ሆና በሩ እስኪዘጋ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው፤ ያን አስተያየት ቢመረምረው ጥሩ ነበር፤ ግን ቸኩሏል።

ደረጃውን ጫማውን እያስጮኸ ወረደ። ከሕንፃው ጀርባ ዞሮ በጓሮው ደረጃ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ አስቀድሞ ሳይቆልፍ በተወው የማድ ቤት በር ገባ። ወገቡ እሪ አለበት፤ ጥርሱን ነከሰ። ማድ ቤቱን ከሳሎን የሚለየው በር ስንጥቅ አለው። ጆሮውን ጣል አደረገ።

ዝም።

ምንም የሚሰማ የለም። ተንከባካቢዋ ምን እያደረገቻት ነው? ራጅ እጀታውን ጨበጠ። ወዲያው የተንከባካቢዋ ድምፅ ተሰማ፦ «ቀስ ብለው፣ እማማ። የሚያስቸኩለን የለም።»

ከዚያ ሚስቱ መናገር ጀመረች።

«እኔ... ነኝ... ያስጠራሁሽ።»

ራጅ እጀታውን ለቀቀ።

«ለልብስ ሰፊዋ... በትንሽ... በትንሹ... ነገርኳት። እሱ... ሲተኛ።»

«የተላከችውን ነግራኛለች። ግን ከእርስዎ አፍ መስማት ስላለብኝ ነው። ምንድን ነው የሚፈልጉት? ማዕከል መግባት ነው?»

ራጅ ጆሮውን ስንጥቁ ላይ ለጠፈ።

«አልፈልግም። ቤቴ... ነው። ባሌም... እዚህ ነው።»

ይኸው! ራጅ ሊጮህ ምንም አልቀረው። ጫማውን ደረቱ ላይ አቀፈ። አሁኑኑ በሩን በርግዶ ገብቶ ሰማሽ ሊላት ነው፤ እጁን ዘረጋ።

«ግን...» አለች ሚስቱ።

ግን ባሌ ደክሞታል፣ ብሎ ጨረሰላት ራጅ በሆዱ። ግን ባሌ ወገቡን ታሟል። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

«ግን... እሱ... እንዳያጥበኝ።»

ራጅ ክው አለ።

«ሲያጥበኝ... ይፈትሸኛል። እንደ... ሻንጣ።» አሁንም አረፍ አለች፤ ተንከባካቢዋም አብራት አረፈች፤ ማንም አልጨረሰላትም። «ይወደኛል። አውቃለሁ። ግን... ሳፍር... አያይም። ሁሉን ያያል... እሱን... አያይም። እኔ... የምፈልገው... ታጥቤ... ለብሼ... ተበጥሬ... ስቀመጥ... ከደጅ እንዲገባ። ድሮ... ከሥራ... እንደሚገባው።»

«እሳቸው እምቢ ቢሉስ?»

ራጅ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«እምቢ ካለ... ውሰጂኝ።»

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ወጣትነቱን፣ ወገቡን፣ እንቅልፉን የሰጣት ሴትዮ ለባዳ ገመናውን ታወጣለች! በምሽት ማን ያገላብጣታል? ቁስል እንዳይወጣባት ማን ይጠብቃታል? መልሱ ሁሉ ምላሱ ላይ ተሰለፈ፤ ሁሉም ትክክል ነበር፤ ግን አንዱም እሷ ላለችው መልስ አልነበረም። እሱም ይሄ ገብቶት ይሁን አይሁን፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ በዚያው ግድግዳ በኩል የውሃ ድምፅ መጣ። መታጠቢያ ቤቱ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ውሃው እንዴት ነው፣ እማማ? ይበቃል ወይስ ይሙቅ?»

«ትንሽ... ይሙቅ» አለች ሚስቱ። ቧንቧው ተከፈተ። «ትንሽ... ደግሞ።» እንደገና ተከፈተ። «እሰይ።»

ራጅ ክርኑን በሌላ እጁ ያዘ። አንድ ቀን እንኳን ጠይቋት አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ለክርኑ በሚስማማው ውሃ ሲያጥባት፣ እሷን ሲበርዳት ከርሟል። አለቀሰ። ድምፅ ሳያሰማ፣ ጫማውን እንዳቀፈ አለቀሰ።

በገባበት ወጣ። ጓሮው ደረጃ ሥር ልብስ ሰፊዋ የታጠበ ጨርቅ እያሰጣች ነበር፤ ስታየው እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ጋሼ! ምነው በካልሲ?»

ውሸት አልጠፋውም፤ ለዚህች ለዚህች ድሮም አይቸገርም። አሁን ግን አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

«ሚስቴን እያጠቡልኝ ነው» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ከውስጥ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችው፤ ጫማውንም እሱ ጎንበስ እንዳይል ራሷ አጠለቀችለት። ራጅ ተቀምጦ ጠበቀ። መጠበቅ አያውቅበትም ነበር፤ አስር ጊዜ ሊነሳ ቃጣው፤ አስር ጊዜም ተመልሶ ተቀመጠ።

ደረጃውን በፊት ለፊት በኩል ወጥቶ የገዛ ቤቱን በር አንኳኳ። ተንከባካቢዋ ከፈተችለት፤ እጅጌዋ እስከ ክንዷ እርጥብ ነው። «ይግቡ፣ ጋሼ» አለችና ቦርሳዋን ለመሰብሰብ ወደ ውስጥ ገባች።

ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተበጥሮ ቅባቱ ያብረቀርቃል፤ ጉንጯ ከሙቀቱ የተነሳ ቀልቷል። ራጅ ቀይ ነገር ባየ ቁጥር እንደሚያደርገው ጠጋ ብሎ ሊያይ እግሩን አነሳና መልሶ አሳረፈው። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት።

ሚስቱ ከእግሩ እስከ አናቱ አየችው። ከንፈሯ ላይ ቃሉ ሲሰበሰብ ይታያል።

«ፀ...»

ፀጉር፣ ፀሐይ፣ ፀጥታ፤ ሁሉም ራጅ ምላስ ላይ መጡ። ዋጣቸው። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ጨበጠው።

«ፀጉር... ቆራጭ... ጋ... ትሄዳለህ። አንተ...» አለችና ግራ እጇን አንስታ ወደ ራሰ በራው ጠቆመች፤ «ምን... ፀጉር... አለህና?»

ተንከባካቢዋ በውስጥ ክፍል ሳቋን በሳል ሸፈነች። ራጅ አናቱን ዳሰሰ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያጠምድ የኖረ ሰው፣ ለማሳበቢያ የመረጠውን ነገር አሁን ገና አየው።

«ታዲያ አውቀሽ...»

ሚስቱ እጇን አነሳችበት፤ ቆይ ማለቷ ነው። ቆየ።

«ከጓሮ... እንደምትመጣ... አውቃለሁ። ለሷ... አይደለም... ያወራሁት። ለበሩ... ነው። ፊት ለፊት... ብነግርህ... አታስጨርሰኝም።»

ሚስቱ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እስከ መጨረሻው... ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ» አለ። «ከነገ ጀምሮ እሷ ታጥብሽ። እኔ ደጅ እሆናለሁ። ውሃውም...»

እጇ እንደገና ተነሳ።

«ገና... ነው። ሌላም... አለኝ።»

ራጅ ወንበር ስቦ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።